ቀኝ እጄና ሦስተኛዋ ማርሽ

ይህን ስታነቡ ቀኝ እጃችሁ የት እንዳለ እስቲ ተመልከቱ። ጉንጫችሁን ደግፎ ይሆናል፤ ኪሳችሁ ውስጥ ይሆናል፤ የጎረቤት ቆሎ ውስጥ ገብቶም ከሆነ አልፈርድም። ሰው ስለ አፉ ይመከራል፣ ስለ እግሩ ይገሠጻል፣ ስለ ዓይኑማ በየሰንበቱ ይሰበካል። ስለ ቀኝ እጁ ማረፊያ ግን የሚነግረው የለም። እኔን የነገሩኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱን አልሰማኋቸውም። ሦስተኛው ደግሞ ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ የላክሁባቸው ሰው ነበሩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ቦንጋ ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ መጣሁ። ቦንጋን ወደድኳት። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረኝ፤ ዝናቧ። ደብረ ብርሃን ዝናብ የሚመጣበት ወር አለው፣ ይታወቃል፣ ሰው ይዘጋጅለታል። ቦንጋ ግን ጠዋት ተማሪ ስትጠይቅ ይዘንባል፣ ከሰዓት ተማሪው ሲመልስልህ ይዘንባል። ሦስት ጃንጥላ ከጨረስሁ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ አንድ ባልደረባዬ መኪናውን ሸጠልኝ። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ነጭ ተብሎ ተጽፏል። የከፋ ቀይ አፈር ግን በዚህ አይስማማም።

መኪናዋ ማርሽ በእጅ የሚቀየርባት ናት። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የጎበዝ ሹፌር ምልክት ነው ብዬ የያዝኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ የማያቸው የአውቶቡስ ሹፌሮች ግራ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ ቀኝ እጃቸውን ማርሹ ላይ አሳርፈው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይወጡ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ማርሽ ሊቀይሩ እየተዘጋጁ እንደነበር ያኔ አልገባኝም። እኔ ያየሁት ክብሩን ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና በገዛሁ ዕለት ክርኔን መስኮት ላይ፣ እጄን ማርሽ ላይ ጥዬ ቦንጋን ዞርኳት፤ ዝናቡ ክርኔን አራሰው።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ልቀይር ስል የማርሹ እጀታ ከነጭራሹ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ላይ ከፍ ባደርገው፣ ቆጮ ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው በአክብሮት ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱልኝ። ከኋላቸው ያለው ሰውዬም ሰላም አለኝ። ለሁሉም በእጀታው ሰላም እያልኩ ገበያውን በሁለተኛ ማርሽ ጨረስኩት።

እዚህ ላይ ያንኑ እጀታ አጥብቄ መልሼ አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ ነበር። እኔ ግን አዲስ እጀታ አማረኝ። ጅማ የሚሄድ ሌላ ባልደረባዬን ላክሁና ውስጡ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት፣ መስታወት የሚመስል እጀታ አመጣልኝ። ያምራል፤ ግን ይሽከረከራል። ማርሽ ልቀይር ስይዘው እሱ በራሱ ይዞራል፤ ጽጌረዳዋ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ተሳፋሪው ትዞራለች። ለሁለት ሳምንት ማርሽ ቀየርኩ ወይስ አበባ አዞርኩ የሚለውን ሳላውቀው ቆየሁ።

ችግሬን የሰሙት አከራዬ ጋሽ ኃይሌ ናቸው። ጋሽ ኃይሌ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው ሙቀጫ፣ በርጩማና የንብ ቀፎ ይጠርባሉ። አንድ ቀን ጽጌረዳዬን አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከሳምንት በኋላ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ቅርጹ የቡና ፍሬ የሆነ፣ የጡጫ ያህል እጀታ አምጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። መሐሉ ላይ የቡና ፍሬ ስንጥቅ አለው፤ አውራ ጣት ሄዳ ልክ እዚያ ትገባለች። በሰም አሽተው አለስልሰውታል።

«ይኼ ነው እጀታ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ችግሩ ያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ከዚያ እንጨት ላይ መነሣት አቃተው። መሪውን በግራዬ ብቻ እይዛለሁ፤ ቀኜ ቡናዬ ላይ ተኝቷል። ቀጥ ባለ መንገድም፣ በኩርባም፣ በዳገትም እዚያው ነው። ክላክስ መንፋት ሲያስፈልገኝ እንኳ እጄን ከማንሣት ይልቅ በመስኮት መጮህ ይቀለኝ ጀመር።

ቀጥሎ የሠራሁትን ስነግራችሁ የማፍረው በሙያዬ ነው። አንድ ቀን ዘጠነኛ ክፍል ስለ ማንሻ አስተማርኩ። ማንሻ በረዘመ ቁጥር የምናወጣው ጉልበት ይቀንሳል አልኩና ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣልኩ። ሥዕሉ የማርሽ ዘንግ መሰለኝ። በነጋታው በያጅ ቤት ሄጄ የማርሹን ዘንግ በአንድ ስንዝር አስረዘምኩት። ማርሹ እውነትም ቀለለ። ብቻ አንደኛ ስትገባ እጀታው ሬዲዮውን ይመታል፤ አራተኛ ስትገባ ደግሞ ከጎን የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ይነካል። ተሳፋሪ ሳሳፍር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ደምሴ የነገረኝ። ደምሴ መካኒክ ነው። ዘይት ሊቀይርልኝ መኪናዋን ሲያንቀሳቅስ እጀታውን አየ፣ ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ።

«ቲቸር፣ እየነዳህ እጅህን እዚህ ላይ ታሳርፋለህ እንዴ?»

«አልፎ አልፎ» አልኩት።

«ዘንጉ ሥር፣ ካምቢዮው ማለትም የማርሹ ሳጥን ውስጥ፣ ሹካ የመሰለ ብረት አለ። ማርሹን ገፍቶ ካስገባ በኋላ ዝም ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት። አንተ ከላይ ስትጫነው እሱ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ይፋጫል። ዘንጉን ደግሞ አስረዝመኸዋል፤ አሁን የእጅህ ክብደት በእጥፍ ነው የሚደርሰው። ይበላዋል፣ ቲቸር። እጅህን አንሣ።»

ሰበቃን የማስተምር ሰው ነኝ። ማንሻ ጉልበትን እንደሚያበዛ በራሴ እጅ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ሆኖም መካኒክ ሊያስተምረኝ መሞከሩ ትንሽ ከበደኝና «እሺ» ብዬ፣ ከጋራዡ ሳልወጣ እጄን መልሼ አሳረፍኩት።

ሁለተኛዋ የነገረችኝ ምሕረት ናት። ምሕረት እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ከቦንጋ ራቅ ካለችው ከዋጫ ከተማ የመጣች ናት። ዝናቡ ለዚህ ሲሆን በረከት ነው፤ ከትምህርት ቤት እዚያው ቦንጋ ወደ ተከራየችው ቤት አደርሳት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን መንገዱን ሁሉ ቀኝ እጄን ስታየው ቆየች። ምናልባት እጄን ልትይዘው አስባ ይሆናል ብዬ ይበልጥ አመቻቸሁላት። ልትወርድ ስትል ቀስ ብላ «ማርሹ አልደከመውም?» አለችኝ። እጀታው አምሯት መስሎኝ «ጋሽ ኃይሌ ናቸው የሠሩልኝ» አልኳት።

ቆይቼ ነው የገባኝ። የምሕረት አባት ጋሽ አድማሱ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተው ዋጫ ቤታቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሁሉ መንዳት አስተምረዋል። የምሕረትን ታላቅ እህት ሊያገባ የመጣ አንድ ሰው ነበረ፤ ደልደል ያለ፣ ሥራ ያለው፣ ምስጉን። ጋሽ አድማሱ አንድ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጠው ሄዱና መለሱት። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማርሽ ሲቀየር ብቻ የሚረገጠው ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ ነው የሚነዳው።

«አባዬ ምን አለ መሰለህ» አለችኝ ምሕረት፣ «መኪናውን ሳያውቀው የሚጨርስ ሰው ልጄንም ሳያውቀው ይጨርሳታል።»

ይህን ስሰማ ማርሹ ላይ ያለው እጄ ቀዘቀዘ። ግን እዚያው ነበር። ልማድ መጥፎ ነገር ነው፤ በፍርሃት እንኳ አይለቅም።

ከዚያ ሦስተኛዋ መዝለል ጀመረች። ሦስተኛ አስገብቼ ስሄድ ሳላስበው «ጓ!» ብላ ትወጣለች፤ ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል። ደምሴ ጋ ወሰድኳት። ጆሮውን አቅንቶ ሰማትና «ሹካው ተበላ። ካምቢዮው ይውረድ፤ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ» አለኝ። እኔና ምሕረት ግን ለመጋባት ተስማምተን፣ ሽማግሌዎቼ ለመጪው እሑድ ከአባቷ ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል። ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ሙሽራ የለም። ቤት ገብቼ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አንድ ረጅም ላስቲክ ቆረጥኩና ማርሹን ከሬዲዮው ጋር አሠርኩት። ሬዲዮው ለዓመታት ድምፅ አውጥቶ ስለማያውቅ ሥራ በማግኘቱ ደስ አለኝ። ሦስተኛ ስትገባ ላስቲኩ ወደ ፊት ይስባታል፤ አትዘልም። ማርሽ ለመቀየር ግን መጀመሪያ ላስቲኩን መፍታት ያስፈልጋል።

ወላጆቼ ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌዎቼ ቦንጋ ያፈራኋቸው ነበሩ፤ ጋሽ ኃይሌ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛና አንድ አንጋፋ የሒሳብ አስተማሪ። በደንቡ ሽማግሌ ሲሄድ ልጅ ጠያቂው ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን መብላት ነው ያለበት። እኔ ግን መሄድ ግድ ሆነብኝ። ጋሽ ኃይሌ «ሽማግሌ ተጋፍቶ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም» አሉ፤ ያችን መኪና ከነላስቲኳ መንዳት የሚችል ደግሞ በዞኑ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሕረት መላ መታች። «ከቤታችን ዝቅ ብለህ አቁም። ከመኪናው እንዳትወርድ። አባዬ መልክህን አያውቅም፤ ቢያይህም ሹፌር ነህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ጋሽ ኃይሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ገና ከቦንጋ ሳንወጣ አዲስ ሥራ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ላስቲኩን ይሰሩልኝ።»

አሠሩ። ኩርባ መጣ።

«ጋሼ፣ ይፍቱልኝ።»

ፈቱ። ከኩርባው በኋላ አሠሩ። የዋጫን መንገድ የሚያውቅ ኩርባው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ፍቱ፣ እሰሩ፣ ፍቱ፣ እሰሩ። ከዛፍ ላይ ሁለት ጉሬዛዎች ቁጭ ብለው አዩን። ጋሽ ኃይሌ መጀመሪያ ላይ የተለማመዱትን ንግግር፣ «ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ እንድትቀበሉልን» የሚለውን፣ ለራሳቸው ያነበንቡ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስሰማቸው «ልጃችንን... እሰሩ... ልጅ አድርጋችሁ... ፍቱ» ይላሉ። ያኔ ማርሹ በላስቲክ ታስሮ ሳለ ቀኝ እጄ የት ነበር ብትሉኝ፣ ቡናው ላይ።

ወደ አንዱ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላስቲኩ ተበጠሰ። ሦስተኛዋ «ጓ!» ብላ ወጣች፤ መኪናዋ በራሷ ክብደት ትወርድ ጀመር። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላ ዕድር ዳኛው አማተቡ፤ ሒሳብ አስተማሪው «በጌታ ስም!» አሉ። መኪናዋ ለሁለቱም ቆመች። ማንም ምንም አልሆነም። ላስቲኩን ቋጥረን መንገዳችንን ቀጠልን።

የእነ ምሕረት ቤት ዳገት ላይ ነው። የተቋጠረው ላስቲክ አጥሮ ስለነበር ማርሹን በደንብ አልያዘውም። በዚያች አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ዘለለች፤ ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጮኸ። ከቤቱ ዝቅ ብዬ አቆምኩና ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አስተካክለው ወደ ላይ ወጡ። እኔ እጄን ቡናው ላይ አሳርፌ ተቀመጥኩ። ዘነበ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀጭን ረጅም አዛውንት ጃንጥላ ይዘው ወደ እኔ ሲወርዱ አየሁ። ምሕረት ፎቷቸውን አሳይታኛለች፤ ጋሽ አድማሱ ናቸው። በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።» ውሸት አልነበረም፤ ነድቼ ነው የመጣሁት።

«ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አልኳቸው። ሹፌራቸውን ዝናብ ላይ ትተው መጡ። እኔ ሠላሳ ዓመት በሰው ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ሹፌር ውጭ ተቀምጦ እኔ ወሬ አልሰማም።» በሩን ከፍተው ከጎኔ ገቡ። «ደግሞ ሦስተኛዋ ትዘላለች። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ሰማኋት።»

ዓይናቸው ላስቲኩ ላይ አረፈ። ረጅም ጊዜ አዩት። እንደ ሰው ቁስል ነበር የሚያዩት።

«ይኼን ማነው ያሠረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፍታው።»

ፈታሁት። እጀታውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። «ሥራው ያምራል። ለማርሽ ግን ከበደ። ዘንጉንስ ማነው ያስረዘመው?»

«የመኪናው ባለቤት ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አስተማሪ ነው። ፊዚክስ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል። ጋሽ አድማሱ «ልጄን የሚጠይቀውም የፊዚክስ አስተማሪ ነው አሉኝ» አሉ።

«እሱ ነው» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ ታውቀዋለህ። ንዳ እስቲ፤ እየሄድን ትነግረኛለህ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሽማግሌዎቼ ላይ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኔ ታች የልጅቷን አባት ይዤ በራሴ ላይ ምስክር ልሆን ነው። አስነሣሁ። አንደኛ ገባች፣ ሬዲዮውን መታች። ሁለተኛ ገባች። እጄ እንደ ልማዱ እዚያው ቀረ።

«እጅ» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

አነሣሁ። ትንሽ ሄድን። እጄ ሳላውቀው ተመለሰ።

«እጅ።»

በዋጫ ከተማ ውስጥ አንድ ዙር እስክንሄድ ስንት ጊዜ «እጅ» እንዳሉኝ እንጃ። አንድ ጊዜም አልተቆጡም። አንድ ቦታ ላይ መዳፋቸውን እጀታው ላይ አደረጉና እጄን እላዩ ላይ እንዳደርግ ነገሩኝ። «ይሰማሃል? ትንቀጠቀጣለች። ውስጥ ያለው ብረት እየተፋጨ ነው። ማርሽ በር ነው፤ ከፍተህ ከገባህ በኋላ እጀታውን ይዘህ አትቆምም፣ ትገባለህ። መሪው ነው እጅህን የሚፈልገው። ከብት ድንገት ቢገባብህ በአንድ እጅህ ምን ታደርጋለህ?»

መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሦስተኛዋ ስለማትይዝ አራተኛ ማስገባት ነበረብኝ፤ ጉልበታቸውን እንዳልመታ ብዬ በሁለተኛ እየጮኸች ነዳኋት።

«ልጁ ይጠጣል?»

«በልክ።»

«ይቆጣል?»

«አይቆጣም።»

«ጉድለቱስ?»

እዚህ ላይ ዋሽቼ ቢሆን ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ሹፌር ነኝ፤ ስለ ሰው ጉድለት ምን አገባኝ? ደግሞም የምጠየቀው ስለ ራሴ ነው፤ ራሱን የማይወድ ማን አለ? ግን ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀኝ እጄ እንደገና እንጨቱ ላይ ተኝቷል። ያን ጊዜ በእውነት አፈርኩ። ያፈርኩት በመኪናዋ አልነበረም፤ ምሕረትን አሰብኩና ነው።

«ጉድለቱ አይሰማም» አልኩ። «መካኒኩ ነግሮታል። ልጅዎም ነግራዋለች። የሚያበላሸውን ነገር እያበላሸ መሆኑን እያወቀ አይተውም። ሲበላሽ ደግሞ ከማሠራት ይልቅ በላስቲክ ያስረዋል።»

ጋሽ አድማሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ልጅዎን ግን ይወዳታል» ብዬ ጨመርኩ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ስለሷ ሲያወራ እሰማለሁ።»

«ለማን ሲያወራ?»

«ለእኔ።»

ከቤታቸው በታች ስንደርስ «አቁም» አሉ። እጀታውን ራሳቸው አዞሩና ነቀሉት። ከነላስቲኩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ይኼ እኔ ጋ ይቆያል» ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

የልጅ ጥያቄ አንድ ነገር ነው፤ ማርሽ ያለ እጀታ ሌላ ነገር ነው። የቀረው ራቁቱን የቆመ፣ ጫፉ ጥርስ ያለው ብረት ነው። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ፊታቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ጋሽ ኃይሌ ገቡና ላስቲኩን ፈልገው አጡት። ወደ ቦንጋ የተመለስነው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ እግረኛ እየደረሰብን። ልማድ ሆኖብኝ እጄን ባሳረፍኩ ቁጥር የብረቱ ጥርስ መዳፌን ይወጋዋል፤ እጄ ወደ መሪው ይሸሻል። ሰውዬው ለምን እንደነቀሉት የገባኝ አምስተኛው ኩርባ ላይ ነው።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ምን አሉ?» አልኩ በመጨረሻ።

«"እምቢም እሺም አልልም፤ ልጁ ካምቢዮውን ያሠራ፣ ዘንጉንም ወደ ቦታው ይመልስ። ከዚያ ራሱ እየነዳ ይምጣ። ተደብቆ ሳይሆን፣ እንደ ልጅ ጠያቂ" አሉን።»

«አወቁኝ?»

«"በመኪና እንጀራ የሚበላ ሹፌር እጁን ማርሽ ላይ አያስተኛም። ገና ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እጁን ሳየው ነው ያወቅሁት" አሉ።» ጋሽ ኃይሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ግን ስለ ጉድለቱ አልዋሸኝም ብለዋል።»

«ለእኔ» ያልኩት ቃል ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

ደምሴ ካምቢዮውን አውርዶ ሲከፍተው ያን ሹካ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። አንደኛው ጎኑ ወፍራም ነው፤ ሌላው ጎኑ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ጥፍር ስስ ሆኗል። «እጅህ ነው ይኼ» አለኝ። ዕቃው እስኪመጣ የጠበቅሁት ሁለት ሳምንት ሳይሆን ስድስት ነበር። ዘንጉን ወደ ቀድሞው ቁመቱ አስቆረጥኩት። እጀታ ግን አላደረግሁበትም፤ ጥርሱ እየወጋኝ እንዲያስተምረኝ ተውኩት። ምሕረትም ከጎኔ ተቀምጣ አንዳንዴ «እጅ» ትለኛለች፣ በአባቷ ድምፅ። ያ የተበላ ሹካ አሁን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሰበቃን የማስተምረው በእሱ ነው። ተማሪዎቼ ማን እንዳበላሸው ሲጠይቁኝ «አንድ አስተማሪ» እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም። ሁለት እጄ መሪው ላይ ነበር። ጋሽ ኃይሌ የሚያስሩትና የሚፈቱት ስላጡ ተኝተው ሄዱ። ዳገቱን በሦስተኛ ወጣሁት፤ አንድ ጊዜም አልዘለለችም። ጋሽ አድማሱ በረንዳቸው ላይ ቆመው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ለሁሉ በሚታይ ቦታ አቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ እሳቸው ሰሙ። ከዚያ ከኪሳቸው እጀታዬን አወጡ። ጠርበው ጠርበው የእንቁላል ያህል አድርገውታል፤ ስንጥቁ ግን እንዳለ ነው። «ቀለል አድርጌዋለሁ» አሉ። ጋሽ ኃይሌ ተቀብለው አገላበጡትና «የእኔ ይሻል ነበር» ብለው ሰጡኝ።

ጋሽ አድማሱ ምሕረትን ጠሩ። መጥታ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ቀኝ እጄ በዚያ ጭንቀት መሐል የወንበሩን መደገፊያ አግኝቶ ተመቻችቶ ተኝቶ ነበር። አዩት። ተነሥተው ያዙት፤ እኔንም አስነሡኝና ወስደው የልጃቸው እጅ ላይ አደረጉት።

«ማሳረፍ ካልቀረልህ» አሉ፣ «እዚህ አሳርፈው።»

ሽማግሌዎቹ «እሰይ» አሉ። እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ አጥብቄ ያዝኳት።

«በልክ» አለች ምሕረት፣ ቀስ ብላ።

ወዲያው ላላ አደረግሁት። ምክር በሰዓቱ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።